የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የጉተታ መንገድ

የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ የጉተታ መንገድ በአሜሪካ ከዋሽንግተን ዲሲ የጆርጅታውን ሰፈር ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ዳር ይዞ በሜሪላንድ ክፍለ አገር እስከምትገኘው ከምበርላንድ ከተማ የሚዘልቅ የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው። ርዝመቱ 184.5 ማይል (297 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። መንገዱ መጀመሪያ የተሠራው ለብስክሌት አልነበረም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቦዩ ላይ የሚሄዱ የጭነት ጀልባዎችን በገመድ ለሚጎትቱ በቅሎዎች መሄጃ ተብሎ ነው።

ዛሬ ቦዩና መንገዱ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ናቸው። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በብስክሌት ለመጓዝ ከሚመርጧቸው የዋሽንግተን አካባቢ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ መኪና አይገባበትም፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩም ቆም ብለው የሚያዩት ነገር አለ። እነዚህ ሦስት ባሕርያት በአጋጣሚ የተገኙ አይደሉም። ሁሉም የመጡት ከበቅሎዎቹና ከጀልባዎቹ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ በ1950ዎቹ የመኪና ጎዳና ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ስያሜና አቀማመጥ

ቦይ ሰው ቆፍሮ የሚሠራው የውሃ መስመር ነው። የመስኖ ቦይ ውሃን ወደ እርሻ ይወስዳል። በመጓጓዣ ቦይ ግን ውሃው ራሱ መንገድ ነው፤ ጀልባ ይሄድበታል። የጉተታ መንገድ የሚባለው ደግሞ ከቦዩ ጎን ተደልድሎ የተሠራው፣ ጀልባ ጎታች እንስሳት የሚሄዱበት ጠባብ የአፈር መንገድ ነው።

የቦዩ ስም ሁለት የውሃ አካላትን ይጠራል። አንደኛው የፖቶማክ ወንዝ የሚገባበት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ሁለተኛው ከአፓላቺያን ተራሮች ማዶ ያለው የኦሃዮ ወንዝ ነው። እቅዱ ሁለቱን ማገናኘት ነበር። ሆኖም ቦዩ ከከምበርላንድ አላለፈም፤ ኦሃዮ በስሙ ውስጥ ብቻ ቀረ።

በመንገዱ ላይ ርቀት የሚቆጠረው በማይል ነው። ዜሮ ማይል ጆርጅታውን ላይ ሲሆን በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ተተክሏል። አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማንበብ የጀመሩ ልጆች ምልክቶቹን እየቆጠሩ ምን ያህል እንደተጓዙ ራሳቸው ማወቅ ይችላሉ።

መንገዱ ለጥ ያለበት ምክንያት

በቅሎ በጀርባዋ ልትሸከም የምትችለው ጭነት ውስን ነው። በረጋ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ ግን ለመንቀሳቀስ የሚጠይቀው ኃይል በጣም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት በቅሎዎች ተቀጣጥለው ከ100 ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል የጫነ ጀልባ ይጎትቱ ነበር። ይህ የሚሆነው ግን ውሃው የረጋ ከሆነ ነው። ውሃ እንዲረጋ ደግሞ የቦዩ ወለል ተዳፋት ሊኖረው አይገባም።

ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው የከፍታ ልዩነት 605 ጫማ (184 ሜትር ገደማ) ነው። መሐንዲሶቹ ይህን ከፍታ በዳገት መልክ አላከፋፈሉትም። ቦዩን እንደ ደረጃ ሠሩት፦ ረጅም ለጥ ያለ ክፍል፣ ከዚያ አንድ እርከን፣ ከዚያ እንደገና ረጅም ለጥ ያለ ክፍል። የጉተታው መንገድ ከውሃው ጎን ስለሚሄድ እሱም የደረጃውን ቅርጽ ያዘ። በአማካይ ሲሰላ መንገዱ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚጨምረው 62 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማርሽ በሌለው ትንሽ ብስክሌት የሚሄድ ልጅ እንኳ ሳይቸገር የሚጓዘው ለዚህ ነው።

እርከኖቹ ሎክ ይባላሉ። በጠቅላላው 74 ሎኮች ሲኖሩ እያንዳንዱ ጀልባን 8 ጫማ (2.4 ሜትር) ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ቁጥራቸው ከጆርጅታውን ጀምሮ ይቆጠራል። የመጨረሻው ግን ሎክ 75 ተብሎ ይጠራል። ለሦስት ሎኮች ቁጥር ተይዞለት የነበረው አንድ ቦታ በሁለት ሎኮች ስለተሸፈነ ሁለቱ 63⅓ እና 64⅔ የሚል ቁጥር ተሰጣቸው፤ ሎክ 65 የሚባል የለም።

ሎክ እንዴት ይሠራል?

ሎክ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው፣ በድንጋይ የተገነባ ጠባብ ክፍል ነው። በዚህ ቦይ ላይ ያሉት ሎኮች ስፋት 15 ጫማ (4.6 ሜትር ገደማ)፣ ርዝመት 100 ጫማ (30 ሜትር ገደማ) ነው። ጀልባዎቹ ከዚህ በጥቂት የሚያንሱ ስለነበሩ ሲገቡ በግራና በቀኝ የሚቀረው ክፍተት ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከሰል ጭኖ ወደ ጆርጅታውን የሚወርድ ጀልባ በሎክ የሚያልፈው እንዲህ ነው፦

1. ክፍሉ እስከ ላይኛው የቦይ ከፍታ ድረስ ውሃ ይሞላል። የላይኛው በር ይከፈትና ጀልባው ይገባል።

2. የላይኛው በር ከጀልባው ኋላ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም በሮች ዝግ ናቸው።

3. በታችኛው በር ግርጌ ያሉ ትናንሽ መዝጊያዎች ይከፈታሉ። ውሃው ወደ ታችኛው ቦይ ይፈስሳል፤ ጀልባውም ከውሃው ጋር ቀስ እያለ ይወርዳል።

4. በክፍሉና በታችኛው ቦይ ያለው ውሃ እኩል ሲሆን የታችኛው በር ይከፈታል። በቅሎዎቹ ጀልባውን ጎትተው ያወጡታል።

ወደ ላይ ለሚሄድ ጀልባ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በዚህ ሁሉ ሞተርም ሆነ ፓምፕ የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ውሃ ወደ ታች መፍሰሱ ብቻ ነው። የበሩ ሁለት ክንፎች ሲዘጉ ወደ ላይኛው ውሃ የሾለ ቅርጽ ይይዛሉ። ስለዚህ ውሃው በገፋቸው መጠን ይበልጥ ይጠባበቃሉ። በሩ የሚከፈተው ከእያንዳንዱ ክንፍ በአግድም የወጣውን ረጅም ግንድ በሰው ጉልበት በመግፋት ነው። በዚህ ቦይ ላይ ጎብኚዎች በሮቹንና ግንዶቹን በቅርብ ሊያዩ የሚችሉባቸው ሎኮች አሉ።

በየሎኩ አጠገብ የበር ጠባቂው ቤት ነበር። ጠባቂው ቀንም ሆነ ሌሊት ጀልባ ሲመጣ ተነስቶ በር መክፈት ነበረበት። ቤት የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ከእነዚህ የድንጋይ፣ የጡብና የእንጨት ቤቶች ከ20 በላይ የሚሆኑት ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ጥቂቶቹ ታድሰው ለጎብኚዎች ማደሪያ ሆነዋል።

ታሪክ

ግንባታው

የፖቶማክን ወንዝ ለመጓጓዣ የመጠቀም ሐሳብ ከቦዩ ይቀድማል። ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በ1785 የተመሠረተውን የፖቶማክ ኩባንያ ይመራ ነበር። ኩባንያው ጀልባዎች ፏፏቴዎችን እንዲያልፉ አጫጭር ቦዮችን ቆፈረ። ወንዙ ግን በበጋ እየጎደለ፣ በጎርፍ ጊዜ እየሞላ አስቸገረ። ከወንዙ ተለይቶ ጎን ለጎን የሚሄድ ሙሉ ቦይ የታሰበው ከዚህ ልምድ በመነሳት ነው።

ሐምሌ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር ቆፈረ። በዚያው ዕለት በባልቲሞር ከተማ የባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ሐዲድ ግንባታ ተጀመረ። ሁለቱ ወደ አንድ ምዕራብ ይሽቀዳደሙ ስለነበር በጠባቡ የወንዝ ሸለቆ ማን ይለፍ በሚል ለዓመታት ተካሰሱ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ሲደርስ ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው። ቦዩ ስምንት ዓመት ዘግይቶ በደረሰ ጊዜ ባቡሩ ወደ ምዕራብ መገስገሱን ቀጥሎ ነበር።

ቁፋሮው የተሠራው በአካፋ፣ በዶማና በባሩድ ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ። በ1832 ኮሌራ በሠራተኞቹ መጠለያዎች ገብቶ ብዙዎችን ገደለ። በጥር 1834 ከተለያዩ የአየርላንድ አካባቢዎች የመጡ ሠራተኞች እርስ በርስ ሲጋጩ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የፌዴራል ወታደሮችን ላከ። ይህ የአሜሪካ መንግሥት በሠራተኞች ግጭት ውስጥ የፌዴራል ጦር የተጠቀመበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ከግንባታዎቹ ሁሉ ሁለቱ በተለይ ይታወቃሉ፦

- የሞኖካሲ የውሃ ድልድይ (42ኛው ማይል)፦ ቦዩን ራሱን በሞኖካሲ ወንዝ ላይ አሻግሮ የሚያሳልፍ፣ ሰባት ቅስቶች ያሉት የድንጋይ ድልድይ ነው። ርዝመቱ 516 ጫማ (157 ሜትር ገደማ) ሲሆን በቦዩ ላይ ካሉት 11 የውሃ ድልድዮች ትልቁ ነው።

- የፓው ፓው ዋሻ (155ኛው ማይል)፦ ወንዙ እየተጠማዘዘ የሚሄድበትን 6 ማይል ያህል ለማቋረጥ ተራራውን በስቶ የተሠራ ሲሆን 3,118 ጫማ (950 ሜትር) ይረዝማል። በ1836 ተጀምሮ በ1850 አለቀ። ውስጡ በ6 ሚሊዮን ገደማ ጡብ ተለብጧል።

በጀልባ ላይ የኖሩ ቤተሰቦች

በመንገዱ ላይ ዛሬ ቤተሰቦች ለመዝናናት ይሄዳሉ። ቀድሞም የሚሄዱበት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ያኔ ግን ለሥራ ነበር። ብዙ የጀልባ አዛዦች ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ከመጋቢት አካባቢ አንስቶ ቦዩ በብርድ እስኪዘጋ ድረስ በጀልባው ላይ ይኖሩ ነበር። መኖሪያቸው በጀልባው የኋላ ጫፍ ያለች 3.6 ሜትር በ3.6 ሜትር የምትሆን ክፍል ናት። በፊተኛው ጫፍ የበቅሎዎች ጋጣ አለ። አንዱ ቡድን ሲጎትት ሌላው እዚያ ያርፋል፤ በስድስት ሰዓት ገደማ ይቀያየራሉ።

በቅሎዎቹን በጉተታው መንገድ ላይ በእግራቸው እየተከተሉ የሚነዱት ብዙውን ጊዜ ልጆች ነበሩ። ገና የሚድሁ ሕፃናት ወደ ውሃ እንዳይወድቁ በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰሩ ነበር። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር የልጆች ቢሮ በ1923 ስለ ቦይ ጀልባ ልጆች አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። በዚህ ቦይ ላይ የተጠየቁት ቤተሰቦች በብዛት የሰጡት መልስ በቀን 18 ሰዓት እንደሚሠሩ የሚገልጽ ነበር። የጉዞው ወራት ከትምህርት ወራት ጋር ስለሚደራረብ ልጆቹ ከትምህርት ገበታቸው ይቀሩ ነበር።

ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ገመዳቸው እንዳይጠላለፍ ደንብ ነበር። ባዶው ጀልባ ለጫነው ቅድሚያ ይሰጣል። የባዶው በቅሎዎች ሲቆሙ ገመዱ ላልቶ ወደ ቦዩ ወለል ይሰምጣል፤ የጫነው ጀልባም በላዩ ያልፋል። ከፓው ፓው ዋሻ ውስጥ ግን ሁለት ጀልባዎች መተላለፍ አይችሉም። ሁለት አዛዦች ዋሻው ውስጥ ተፋጠው ወደ ኋላ አልመለስም ብለው ለቀናት እንደቆዩና በመጨረሻ እሳት ተነድዶ በጭስ እንደወጡ ይተረካል።

ቦዩ ከፍተኛውን ሥራ የሠራው በ1870ዎቹ ነው። በ1875 ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ጭነት ተጓጉዞበታል፤ አብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነበር።

መዘጋቱና መንግሥት መግዛቱ

በ1889 ከባድ ጎርፍ ቦዩን አፈራረሰው። ኩባንያው ከሰረና አስተዳደሩ ተፎካካሪው በነበረው የባቡር ኩባንያ እጅ ገባ። ቦዩ ተጠግኖ እስከ 1924 ሠራ። በዚያ ዓመት ሌላ ጎርፍ ሲመታው የጭነት ጉዞው ለዘለቄታው ቆመ። በ1938 የፌዴራል መንግሥት ቦዩን በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከ1938 እስከ 1942 ከጆርጅታውን በላይ ያለው የመጀመሪያው 22 ማይል የተጠገነው በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ ለወጣቶች ሥራ ለመስጠት በተቋቋመው የመንግሥት የጥበቃ ሥራ ጓድ ሁለት የአፍሪካ አሜሪካውያን ቡድኖች ነው። ዛሬ ቤተሰቦች በብዛት የሚጓዙበት ይኸው ክፍል ነው።

የ1954ቱ የእግር ጉዞ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቦዩን መስመር ተከትሎ ለመኪና ሽርሽር የሚሆን ጎዳና እንዲሠራ ታቀደ። በጥር 1954 የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ እቅዱን የሚደግፍ ርዕሰ አንቀጽ አወጣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው ዊልያም ኦ. ዳግላስ ለጋዜጣው በጻፈው ደብዳቤ ርዕሰ አንቀጹን የጻፈው ሰው አብሮት ሙሉውን መንገድ በእግሩ እንዲሄድ ጋበዘ። መንገዱን ቢያየው ሐሳቡን ይለውጣል የሚል እምነት ነበረው።

ጋዜጣው ግብዣውን ተቀበለ። መጋቢት 20 ቀን 1954 ዳግላስ፣ የጋዜጣው አዘጋጆችና ሌሎች ተጓዦች ከከምበርላንድ ተነሱ። ጉዞው ስምንት ቀን ፈጀ። ሙሉውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ 9 ሰዎች ብቻ ናቸው። አዘጋጆቹ ባያጠናቅቁም ጋዜጣው ከጉዞው በኋላ አቋሙን አሻሻለ፤ የመኪናው ጎዳና እቅድም ውሎ አድሮ ቀረ።

ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በ1961 ቦዩን ብሔራዊ ሐውልት ብሎ ሰየመ። በጥር 1971 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ የሚያደርገውን ሕግ ፈረመ። በ1977 ፓርኩ ለዳግላስ መታሰቢያ ሆነ።

በቤተሰብ የብስክሌት ጉዞ

ሙሉውን መንገድ በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም፤ ለቤተሰብም አያስፈልግም። የተለመደው አንድ ቦታ መኪና አቁሞ የተወሰነ ርቀት ሄዶ መመለስ ነው። ሲታቀድ ሁለት ነገሮች ይታሰባሉ። አንደኛ፣ ርቀቱ ደርሶ መልስ ስለሆነ እጥፍ ይሆናል። ልጁ ሲደክመው ሳይሆን ገና ጉልበት እያለው መመለስ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሎኮች የሚበዙበት ቦታ ትናንሽ ዳገቶች የሚበዙበት ቦታ ነው። ለምሳሌ ከ8ኛው ማይል ቀጥሎ ከሎክ 8 እስከ ሎክ 14 ያሉት ሰባቱ በ2 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ተደርድረዋል። ለትንሽ ልጅ በሎኮች መካከል ያለው ረጅም ለጥ ያለ ክፍል ይመረጣል።

ለመጀመር የሚመቹ ክፍሎች

- ጆርጅታውን እስከ ፍሌቸርስ ኮቭ (ከ0 እስከ 3.1 ማይል፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ)፦ የመጀመሪያዎቹ አራት ሎኮች በሰፈሩ ሕንፃዎች መካከል ተከታትለው ይገኛሉ፤ መንገዱም እዚያ ጠባብ ነው። ከሎክ 4 በኋላ እስከ 5ኛው ማይል ምንም ሎክ የለም። ከጎኑ ካፒታል ክረሰንት የሚባል፣ በቀድሞ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ የአስፋልት ብስክሌት መንገድ ይሄዳል። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ይቻላል።

- ግሬት ፎልስ እስከ ስዌይንስ ሎክ (ከ14.3 እስከ 16.6 ማይል፣ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ)፦ በመካከሉ ሎክ ስለሌለ ለጀማሪ ልጆች ተስማሚ ነው። ጉልበት ያለው እስከ ፔኒፊልድ ሎክ (19.6 ማይል) ሊቀጥል ይችላል። በመነሻው የቀድሞ የእንግዳ ማረፊያ የነበረ ሕንፃ አለ፤ አሁን የጎብኚዎች ማዕከል ነው። በግሬት ፎልስ መግቢያ ክፍያ አለ።

- ቫዮሌትስ ሎክ እስከ ራይሊስ ሎክ (ከ22.1 እስከ 22.8 ማይል፣ 1.1 ኪሎ ሜትር ገደማ)፦ በጣም አጭር ነው። መጨረሻው ላይ ሎክና የውሃ ድልድይ አንድ ላይ ተጣምረው የተሠሩበት የሴኔካ ግንባታ ይታያል። ቀይ ድንጋዩ በዋሽንግተን ያለው የስሚዝሶኒያን ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃ ከተሠራበት ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

- ብራንስዊክ እስከ ሃርፐርስ ፌሪ (ከ55 እስከ 60.7 ማይል፣ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ)፦ ለትልልቅ ልጆች ይሆናል። ከመንገዱ ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ከተማ ለመሻገር ብስክሌቱን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትላልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ግሬት ፎልስ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

ደንቦች

- የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው።

- ብስክሌተኛ ለእግረኛ፣ ለፈረስና ለበቅሎ ቅድሚያ ይሰጣል። ከኋላ ሲያልፍ ደወል ይደውላል ወይም ድምፅ ያሰማል።

- በሜሪላንድም ሆነ በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ብስክሌተኛ ሄልሜት ማድረግ ግዴታው ነው።

- በውሃ ድልድዮችና በፓው ፓው ዋሻ ከብስክሌት ወርዶ በእግር መግፋት ያስፈልጋል።

- ብስክሌት የሚፈቀደው በጉተታው መንገድ ላይ ብቻ ነው። በግሬት ፎልስ አጠገብ ያለው ቢሊ ጎት የሚባለው አለታማ የእግር መንገድ ለብስክሌት ክልክል ነው።

- ውሻ በማሰሪያ መያዝ አለበት። ቆሻሻ ይዞ መመለስ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

ዋናው አደጋ ውሃ ነው። የጉተታው መንገድ በአንድ ወገን ቦዩ፣ በሌላው ወገን ወደ ወንዙ የሚወርድ ገደል ያለበት ቦታ አለው፤ በአብዛኛው መከላከያ አጥር የለውም። መንዳት ያልለመደ ልጅ በመንገዱ መሐል እንዲሄድ፣ አዋቂ ከኋላው እንዲከተለው ይመከራል። የሎክ ግድግዳ ጠርዝም ጥልቅ ስለሆነ ከብስክሌት ወርዶ እጅ ተይዞ ማየት ይገባል። በግሬት ፎልስ አካባቢ የፖቶማክ ወንዝ ከላይ የረጋ ቢመስልም ከሥር ኃይለኛ ነው። ሰዎች ሰጥመውበታል፤ መዋኘትም መግባትም ክልክል ነው።

መንገዱ አፈርና የተፈጨ ድንጋይ ስለሆነ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ይጨቀያል፤ የዛፍ ሥርም ይወጣበታል። ስለዚህ ቀጭን ጎማ ካለው ብስክሌት ይልቅ ወፍራም ጎማ ያለው ይሻላል። ፍሬን ከመነሳት በፊት ይፈተሻል። የጎማ መንፊያ፣ መለወጫ የውስጥ ጎማና በቂ የመጠጥ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከከተማ ራቅ ሲል ሱቅ የለም። በሞቃት ወራት በሣር ውስጥ መዥገር ስለሚኖር ከጉዞ በኋላ የልጆችን እግርና አንገት ማየት ተገቢ ነው። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያሳክክና የሚያቆስል ሐረግም በመንገዱ ዳር ይበቅላል።

ልጆች የሚያዩት

በቦዩ የረጋ ውሃ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ኤሊዎች በወደቁ ግንዶች ላይ ተደርድረው ይሞቃሉ። ረጅም እግር ያላቸው ሽመላ መሰል ወፎች ዓሣ ሲጠብቁ ይታያሉ። አንዳንድ ቦታ ውሃው ደርቆ ቦዩ ዛፍ በቅሎበታል፤ ይህን ሲያዩ ልጆች ጀልባ የት ይሄድ እንደነበር ይጠይቃሉ። በአንዳንድ የሎክ ድንጋዮች ላይ ድንጋይ ጠራቢዎች የራሳቸውን ሥራ ለመለየት የቀረጿቸው ምልክቶች አሉ። በሌሎች ቦታዎች ደግሞ በውሃ የራሰና አሸዋ የያዘ የጉተታ ገመድ ለአሥርት ዓመታት ሲፈትጋቸው የተፈጠሩ ጎድጓዳ መስመሮች ይታያሉ። ልጆች ጣታቸውን በመስመሩ ውስጥ ማሳለፍ ይችላሉ።

ዊልያምስፖርት (99.8 ማይል) ላይ በ1920 ግድግዳው ፈርሶ የነበረው የኮኖኮቺግ የውሃ ድልድይ ተጠግኖ በ2019 እንደገና ውሃ ሞልቶበታል። እዚያ ጀልባ በወንዝ ላይ በተሠራ ድልድይ ላይ ሲንሳፈፍ ማየት ይቻላል።

ረጅም ጉዞ

ልምድ ያላቸው ቤተሰቦች ሙሉውን መንገድ በበርካታ ቀናት ይጓዛሉ። በመንገዱ ዳር ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች የተዘጋጁ የድንኳን መትከያ ቦታዎች አሉ። በብዙዎቹ የእጅ የውሃ ፓምፕና መጸዳጃ ይገኛል፤ ፓምፖቹ ግን በብርድ ወራት ይዘጋሉ። ለፓው ፓው ዋሻ የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ውስጡ መብራት የለውም።

ከከምበርላንድ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባል ሌላ የብስክሌት መንገድ ይነሳል። በቀድሞ የባቡር ሐዲዶች ላይ የተሠራ ሲሆን 150 ማይል (241 ኪሎ ሜትር ገደማ) ተጉዞ ፒትስበርግ ይደርሳል። ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀው በ2013 ነው። የኦሃዮ ወንዝ የሚጀምረው ፒትስበርግ ላይ ስለሆነ፣ በቦይ ያልተሳካው የ1828ቱ እቅድ አሁን በብስክሌት መንገድ ተገናኝቷል።

ጎርፍና ጥበቃ

ቦዩን የዘጋው ጎርፍ ዛሬም መንገዱን ያሰጋል። መስመሩ በሙሉ ከወንዙ ጎን ስለሆነ ፖቶማክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። በ1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ፣ በ1996 ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ የደረሱ ሁለት ጎርፎች ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። ቢግ ስላክዎተር በሚባለው ቦታ በገደል ሥር የሚያልፈው የመንገዱ ክፍል ተሰብሮ ብስክሌተኞች ለዓመታት በመኪና መንገድ እየዞሩ ያልፉ ነበር። በኮንክሪት ተሠርቶ የተከፈተው በ2012 ነው።

መንገዱን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ከ1954ቱ ጉዞ የተወለደው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ማኅበርም በጎ ፈቃደኞችን በማሰማራት ይረዳል። በጎ ፈቃደኞች በብስክሌት እየተዘዋወሩ የወደቀ ዛፍና የተሸረሸረ መንገድ ይጠቁማሉ፤ ጎማ የፈነዳበትን ወይም መንገድ የጠፋበትን ይረዳሉ። በጥገና ምክንያት የሚዘጉ ክፍሎች ስለሚኖሩ ከጉዞ በፊት ፓርኩ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ማየት ያስፈልጋል። በተለይ ከባድ ዝናብ ከጣለ ወንዙ ወደ መደበኛ መጠኑ እስኪመለስ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ይመከራል።